የግንባር ሥጋ

ካምቦሎጆ ጀርባ፣ ከጫማ ጠጋኞቹ ረድፍ አጠገብ፣
ጋሽ ወንድይፍራው ተቀምጧል፤ መኪና ሊጠብቅ፣ ሳንቲም ሊሰበስብ።
በዘመኑ መሐል ተከላካይ ነበር፤ አየር ላይ የማይዘለል፤
በቴስታ የገጨው ኳስ ከሜዳው ወጥቶ ላጋር ያርፍ ነበር ይባላል።
ዛሬ ግን እጄን ይዞ «ስንት ለስንት ወጣን?» ይለኛል።
«ጨዋታ የለም ጋሼ፤ ማክሰኞ ነው» እለዋለሁ።
«እሺ» ይላል። ሻዩን ያማስላል።
«ስንት ለስንት ወጣን?» ይለኛል።

እኔ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ።
አንዱ ከጥቁር አንበሳ፣ በሐኪም ጽሕፈት የተጫጫረ፣ አራት ቦታ የታጠፈ፤
«ሦስተኛ ግጭት። ኳስ በራስ መግጨት ክልክል።
ማዞር፣ መርሳት፣ ብርሃን መሸሽ። ክትትል።»
ሌላው ከወኪሌ፤ ነጭ፣ ያልተጨማደደ፣
ሦስት መቶ ሺህ በወር፤ ዜሮው ከመስመሩ አልፎ የሄደ።
አንድ ኪስ ውስጥ እንደ ቆሎ ጓደኛ ይተሻሻሉ።

ብር ስል፣ ዝም ብሎ ብር አይደለም፤
አርባ ምንጭ ያለው የእናቴ ቤት ጣሪያ፣
የእህቴ የነርስነት ክፍያ፣
የመክሊት ሆድ፤ ግንቦት ላይ የሚፈታው፣
ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለው ኪራይ፤ በየስድስት ወሩ የሚያንሩት፣ ማንም የማይረታው።

ራስስ ስንት ነው? ስንት ኪሎ ይመዝናል?
ጥቅል ጎመን እንኳ ጉልት ላይ አገላብጠው ነው የሚገዙት፤
የኔን ጥቅል ግን ሳይነኩት ዋጋ ቆረጡለት።
ራሴ እኮ ራሴ ነው፤ ቃሉም አንድ ነው፤
እሱን ሸጬ ማን ይቀራል፣ ብሩን የሚቆጥረው?

ሰፈር ውስጥ «ግንባር አለው» ይሉኛል፤ ዕድለኛ ነው ማለታቸው።
ከማዕዘን ምት በኋላ ጆሮዬ ውስጥ የሚቀረውን ደወል ማን ሰማው?
አንድ ቀን ልምምድ ላይ ፀሐይ ሁለት ሆነች።
አሠልጣኙ «ተነስ አንበሳ!» አለኝ፤ ተነሣሁ፤
ወደ የትኛው ጎል እንደምንመታ ግን ረሳሁ።

የግንባር ሥጋ ቆርጠው አይጥሉትም፤ ስለ ዘመድ ነበር ተረቱ።
እኔ እሑድ እሑድ እቆርጣለሁ፤ ስስ ስስ አድርጌ፤
ደጋፊው ያጨበጭባል፤ «ጨምር!» ይላል።

«ልፈርም ወይ?» አልኩት ጋሽ ወንድይፍራውን።
ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዓይኑ እንዳልነበረ ሆኖ ጠራ።
«ለእኛ እኮ» አለ «አንድ ሚሪንዳ ነበር፤ ከሳንቡሳ ጋራ።
ይሄን ራስ በሚሪንዳ ነው የጨረስኩት።
አንተ ፈርም፤ ሞኝ አትሁን።
ግን ብሩን የት እንዳኖርከው ለሚስትህ ንገራት፤
አንተ ጋ አይቆይም። እኔ ጋ... ቅድም ምን ነበር ያልኩት?»

ነጭ ላንድክሩዘር ወደ ኋላ መጣ። ብድግ አለ።
«ና፣ ና፣ ና... በቃ!»
መዳፉን ዘርግቶ፣ ከግንቡ ሊጋጭ አንድ ስንዝር ሲቀረው፣
አቆመው።

በሜክሲኮ በኩል በእግሬ ገባሁ። መክሊት ተኝታለች።
እስክሪብቶ ስፈልግ፣ ከስኳሩ ጣሳ ኋላ ደብተር አገኘሁ፤
በእሷ እጅ ጽሑፍ፤ ርእስ የለውም።

ሐሙስ። ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ አደረ።
ቅዳሜ። እህቱን በእናቱ ስም ጠራት።
ሰኞ። ልደታን አልፎ ጦር ኃይሎች ወረደ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።
ረቡዕ። ስለ ሕፃኑ ስም አወራን። ወደደው።
ዓርብ። ስለ ሕፃኑ ስም አወራን። አዲስ ሆነበት። ወደደው።

ማክሰኞ የሚለው አጠገብ ምንም የለም፤ ገና አልመሸላትም።
ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው።
ፊርማዬን አውቀዋለሁ፤ እሱ አይጠፋኝም።
የሕፃኑን ስም ግን
ገጹን መልሼ መላልሼ ፈለግሁት፤
አልጻፈችውም።